የሃይማኖት አባትን ቃል በፖለቲካ ክርክር ውስጥ ሳያዛቡ ለመጥቀስ የሚረዳ የአሠራር መመሪያ

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በሰሜን ሸዋ በወጣቶች ስብሰባ፣ በፓርቲ የክርክር መድረክ፣ በሬዲዮ ውይይት፣ በወረዳ ኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤት ወይም በራሱ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ላይ የአንድን ጳጳስ፣ ሸይኽ ወይም ፓስተር ንግግር ጠቅሶ ለሚከራከር ሰው ነው። የሃይማኖት አባቶች በአደባባይ የተናገሩት ቃል እንደ ማንኛውም የአደባባይ ቃል ሊጠቀስ፣ ሊመረመርና ሊተች ይችላል፤ የሚጠበቅብን የተጠቀሰው ቃል በእርግጥ እነርሱ ያሉት መሆኑን ማረጋገጥ ነው። መለኪያውም አስቸጋሪ አይደለም፤ ተናጋሪው አባት በአዳራሹ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ቢሰሙ «አዎ፣ ያልሁት ይህንኑ ነው፤ አንተ ባትስማማበትም» የሚሉለት ጥቅስ ትክክለኛ ጥቅስ ነው።

ብዙ ሰው የተዛባ ጥቅስ ሲባል ከነጭራሹ ያልተባለ ነገር ይመስለዋል። እንዲህ ያለውም አለ፤ ነገር ግን ትልቁ ጉዳት የሚመጣው የተባለውን ቃል ሳይነኩ ቦታውን በማዛወር ይመስለኛል፤ ምኞቱን ትእዛዝ፣ የግለሰቡን አስተያየት የተቋም ውሳኔ፣ የአምናውን ቃል የዘንድሮ፣ ለአንድ ጠያቂ የተሰጠውን መልስ ለሕዝብ ሁሉ የወጣ ድንጋጌ በማድረግ። የተፈጠረ ቃል ተናጋሪው «አላልሁም» ባሉ ጊዜ ይወድቃል። የተዛወረውን ቃል ግን «አላልሁም» ሊሉት አይችሉም፤ ብለዋልና። ስለዚህ ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ደረጃዎች በአብዛኛው እነዚህኑ አራት ጥያቄዎች እየመላለሱ ይጠይቃሉ፦ ማን ተናገረ፣ በምን ሥልጣን፣ ለማን፣ መቼ።

በዚህ አካባቢ የሃይማኖት አባት ቃል ከባድ ነው። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. አቡነ ማቴዎስ መኳንንቱን ለልጅ ኢያሱ ከገቡት መሐላ በፈቱ ጊዜ የተጀመረው ነገር በወሩ፣ ጥቅምት 17 ቀን፣ እዚሁ ሰሜን ሸዋ ውስጥ በሰገሌ በከባድ ጦርነት ተደምድሟል። ልጅ ኢያሱ ሃይማኖታቸውን ለውጠዋል የተባለው ክስ እውነት መሆን አለመሆኑን የታሪክ ሰዎች ዛሬም ይከራከሩበታል፤ ሠራዊቱ ግን ክርክሩ እስኪያልቅ አልጠበቀም። በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ አጣዬና አካባቢዋ የደረሰባቸውን ጥፋት የሚያስታውስ ሰውም ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ተጎራብተው በሚኖሩባቸው ከተሞች አንዲት የተቆረጠች ቪዲዮ ምን ልታስከትል እንደምትችል ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ደረጃ 1፦ ሙሉውን ንግግር ያግኙ

እጅዎ ላይ ያለው የ40 ሰከንድ ቪዲዮ ብቻ ከሆነ ገና ለመጥቀስ አልደረሱም። የንግሥ በዓል ትምህርት ረጅም ሰዓት ሊወስድ ይችላል፤ የጁምዓ ኹጥባም (በመስጊድ የሚሰጠው የዓርብ ስብከት) አጠር ቢል እንኳ መግቢያ፣ የሚጠቀስ አንቀጽ፣ ማብራሪያና ዱዓ አለው። ከዚህ ውስጥ የተቆረጠ ቁራጭ የሚናገረው ቆራጩ የፈለገውን ነው። ስለዚህ አስቀድመው ንግግሩ የተደረገበትን ቦታና በዓል ይጠይቁ፤ ጻድቃኔ ማርያም ነው፣ ሸንኮራ ዮሐንስ ነው ወይስ አልዩ አምባ ከጁምዓ ሶላት በኋላ? ቦታው ከታወቀ ሙሉውን የቀረጸ ሰው አይጠፋም፤ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች፣ የመስጊዱ ጀመዓ ወጣቶች ወይም ድምፅ ማጉያውን የሚያንቀሳቅሰው ባለሙያ ብዙውን ጊዜ ቅጂው ይኖራቸዋል። የተቋማቱ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች፣ የዩቲዩብና የቴሌግራም ገጾችም አሉ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ በቆየበት ወቅት እንደሆነው፣ ቪዲዮ ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ ምንጩ፣ ቀኑና ርእሱ ተራግፈው ቁራጩ ብቻውን እንደሚቀር ልብ ይበሉ።

ሙሉው ቅጂ ሁለት ሰዓት ቢሆን ሁሉንም ለመስማት ጊዜ ላይኖርዎት ይችላል። ቢያንስ ግን ተናጋሪው ያንን ጉዳይ ካነሡበት ቅጽበት ጀምሮ ወደ ሌላ ጉዳይ እስኪያልፉ ድረስ ያለውን ሳያቋርጡ ይስሙ፤ መጨረሻ ላይ «ቅድም ያልሁትን በዚህ አትረዱብኝ» የሚል ማስተካከያ ሰጥተው እንደሆነም ወደ ንግግሩ መዝጊያ ሄደው ይመልከቱ።

ቁራጭ ቪዲዮ ሲመለከቱ ዓይንዎ በእጃቸው ላይ ይሁን። በቀኝ እጃቸው የነበረው መስቀል ምንም እንቅስቃሴ ሳይታይ በግራ እጃቸው ከተገኘ፣ ከፊታቸው የነበሩት ማይክሮፎኖች ቁጥር ከጨመረ ወይም ከቀነሰ፣ የጃንጥላው ጥላ ከፊታቸው ወደ ትከሻቸው ከዘለለ በመካከል የወጣ ነገር አለ ማለት ነው። ከበስተጀርባ በገና ወይም ነሺዳ የተጨመረበት ቪዲዮም የድምፁን መቆራረጥ ሊሸፍን ስለሚችል የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተቀነባበረ ድምፅ ከሆነ ደግሞ መጥበቅ ያለበትን ፊደል ማላላት፣ መላላት ያለበትን ማጥበቅ ይታይበታል፤ የግእዝ ጥቅስ ወይም የቁርኣን አንቀጽ ላይ ሲደርስም ዘዴው ይበልጥ ይጋለጣል። ይህ ምልክት ግን እየቀነሰ የሚሄድ ስለሆነ በጆሮ ብቻ መተማመን አይገባም።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የንባብ ክፍል ተቆርጦ የአንባቢው ቃል ሲደረግ ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 22 ሰይፍ የሌለው ልብሱን ሽጦ እንዲገዛ የሚል ቃል አለ፤ ሁለት ቁጥር ዝቅ ሲል «ይበቃል» የሚለው፣ ጥቂት ወረድ ሲልም የተቆረጠችው ጆሮ መፈወሷ ይገኛል። ይህን ወንጌል አንብበው ስለ ትዕግሥት ያስተማሩ አባት ከመካከል አንድ ዓረፍተ ነገር ተወስዶባቸው «ጳጳሱ መሣሪያ ግዙ አሉ» ቢባል ድምፁ የእርሳቸው ነው፤ ቃሉም አልተለወጠም። ሙስሊም ወገኖቻችንም የዚህን ጥፋት ምሳሌ ከቁርኣን ያውቁታል፤ «ወዮላቸው ለሰጋጆች» ብሎ የሚያቆም ሰው የተናገረው እውነተኛ አንቀጽ ነው፤ ሰጋጆቹ እነማን እንደሆኑ የሚናገረውን ቀጣዩን አንቀጽ፣ «ለእነዚያ እነርሱ ከስግደታቸው ዘንጊዎች ለኾኑት» የሚለውን፣ ስላስቀረ ግን ትርጉሙን ገልብጦታል።

ደረጃ 2፦ ማን፣ በምን ሥልጣን እንደተናገረ ይለዩ

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከፍተኛው የውሳኔ አካል ቅዱስ ሲኖዶስ ነው፤ ጥቅምት 12 ቀንና ከትንሣኤ በኋላ በ25ኛው ቀን በሚውለው ርክበ ካህናት መደበኛ ጉባኤውን ያደርጋል፣ አስቸኳይ ጉባኤም ይጠራል። ፓትርያርኩ የሲኖዶሱ ርእሰ መንበር ናቸው፤ ሆኖም ፓትርያርኩ የተናገሩት ሁሉ የሲኖዶስ ውሳኔ አይሆንም። ሊቀ ጳጳሱ የሚመሩት ሀገረ ስብከታቸውን ነው፤ የደብር አስተዳዳሪው ደብሩን። ከዚያ ወዲህ ያሉት መምህራን፣ ሰባክያን፣ ዲያቆናትና ባሕታውያን ምንም ያህል ተከታይ ቢኖራቸው የሚናገሩት የራሳቸውን ነው። በዩቲዩብ ከሚሊዮን በላይ ተመልካች ያለው ሰባኪ ከአንድ የገጠር ቆሞስ የበለጠ ይሰማል፤ ቤተ ክርስቲያኒቱን የመወከል ሥልጣን ግን ከተመልካች ብዛት አይገኝም።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሚከብድ በ2013 ዓ.ም. ሚያዝያ መጨረሻ ይፋ የሆነው የፓትርያርክ አቡነ ማትያስ ቪዲዮ ያሳያል። ፓትርያርኩ በትግራይ ስለሚፈጸመው ግፍ በብርቱ ተናገሩ፤ ከቀናት በኋላም የሲኖዶሱ ጽሕፈት ቤት መልእክቱ የሲኖዶሱ አቋም አለመሆኑን አስታወቀ። በዚያ ሰሞን «ቤተ ክርስቲያኒቱ እንዲህ አለች» ያለው ተከራካሪ ተሳስቷል። «ፓትርያርኩ አልተናገሩም፣ ቪዲዮው የውሸት ነው» ያለውም ተሳስቷል። ትክክለኛው አገላለጽ ረጅምና ለመፈክር የማይመች ነበር፦ ፓትርያርኩ በግላቸው ተናግረዋል፣ ሲኖዶሱ የእኔ አቋም አይደለም ብሏል። ተከራካሪ ሰው ይህን ርዝመት መልመድ አለበት።

የቆዩ መግለጫዎችን የሚጠቅስ ሰው ደግሞ እስከ ሐምሌ 2010 ዓ.ም. እርቅ ድረስ በአገር ውስጥና በስደት የነበሩ ሁለት ሲኖዶሶች መግለጫ ያወጡ እንደነበር ያስታውስ፤ «ሲኖዶሱ በ1998 ያለው» የሚል ጥቅስ የትኛው እንደሆነ ካልተጠቀሰበት ዋጋ የለውም።

በእኛ አካባቢ ብቻ የሚገጥም አንድ ወጥመድም አለ። ሰሜን ሸዋ የሚባል ዞን በአማራ ክልልም በኦሮሚያ ክልልም አለ፤ በደብረ ብርሃን የሚገኘው የሰሜን ሸዋ ሀገረ ስብከትና በፍቼ የሚገኘው የሰላሌ ሀገረ ስብከትም የተለያዩ ናቸው። «የሰሜን ሸዋ ሀገረ ስብከት መግለጫ አወጣ» የሚል ዜና ሲደርስዎ ከተማውን ሳያረጋግጡ አይጥቀሱ። ሥልጣን ያላቸው የዞን አካላትና የዞን እስልምና ጉዳዮች ምክር ቤቶች ስምም በዚሁ መንገድ ስለሚደባለቅ ሁልጊዜ ከስሙ ጎን ደብረ ብርሃን ወይም ፍቼ ብለው ይጻፉ። ንግግሩ በአፋን ኦሮሞ ተደርጎ ወደ አማርኛ የተመለሰ ከሆነ ትርጉሙን የሠራው ማን እንደሆነ ይግለጹ፤ ቋንቋውን የሚያውቅ ሌላ ሰው ዋናውን ሰምቶ እንዲያረጋግጥልዎም ይጠይቁ።

በሙስሊሙ በኩል የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት፣ በተለምዶ መጅሊስ የሚባለው፣ እስከ ዞንና ወረዳ የሚወርድ መዋቅር አለው። የአንድ መስጊድ ኢማም በኹጥባ የተናገሩት የመጅሊሱ መግለጫ አይደለም፤ የአንድ ኡስታዝ የፌስቡክ ጽሑፍም እንዲሁ። የሃይማኖት ተቋማት ጉባኤ የሚያወጣቸው የጋራ መግለጫዎች ደግሞ የሁሉም አባላት ስለሆኑ ከመካከል አንዱን አባት ብቻ መርጦ «እርሳቸው ፈረሙ» ማለት ሌላ ዓይነት ማዛባት ነው።

ደረጃ 3፦ የንግግሩን ዓይነት ይወቁ

መግለጫ፣ ቃለ ምዕዳን፣ ስብከት፣ ተግሣጽ፣ ግዝት፣ ምርቃትና ጸሎት አንድ ክብደት የላቸውም። መግለጫ ተጽፎና ተመክሮበት የሚወጣ በመሆኑ እያንዳንዱ ቃል ሊጠየቅበት ይችላል። ስብከት ግን ሕያው ንግግር ነው፤ አባቶች ምሳሌ ይመስላሉ፣ የተቃራኒውን ሐሳብ በተቃራኒው አፍ ይናገራሉ፣ «እኔ ምን አገባኝ ትላለህ» ብለው የአድማጩን ሰበብ ይደግማሉ። ይህን የሰማ ሰነፍ ጠቃሽ «አባታችን ምን አገባኝ አሉ» ብሎ ይወጣል።

ምርቃት ላይ ደግሞ መንዝና ተጉለት ያደገ ሰው ሊሳሳት አይገባውም። አዛውንቱ ቄስ ለባለሥልጣኑ «ጠላትህን ከእግርህ በታች ይጣልልህ» ቢሉ ለሠርገኛውም፣ ለነጋዴውም፣ ለተማሪውም የሚሉትን ብለዋል እንጂ ጠላቱን በስም አልጠሩም፤ የፓርቲውን ፕሮግራምም አልደገፉም። በበዓል ላይ ባለሥልጣን ሲባረክ የተነሣ ፎቶግራፍ የድጋፍ ማስረጃ ተደርጎ የሚቀርብበት ልማድ ከዚሁ ይመደባል።

ፈትዋ የተለየ ትኩረት ይፈልጋል። ፈትዋ ብዙውን ጊዜ አንድ ሰው ላቀረበው ጥያቄ ዓሊሙ የሚሰጡት መልስ ነው፤ ጥያቄው የመልሱ ግማሽ አካል ነው። ጠያቂው የራሱን ችግር፣ ቦታና ሁኔታ ዘርዝሮ «ይፈቀድልኛል?» ብሎ ሲጠይቅ የተሰጠው «አይፈቀድልህም» የሚል መልስ ጥያቄው ተቆርጦ ሲወጣ በሁሉም ሙስሊም ላይ የወጣ ክልከላ ይመስላል። ስለዚህ ፈትዋ ሲጠቅሱ ጥያቄውን አብረው ያቅርቡ፤ ጥያቄውን ካላገኙት ይተዉት።

ደረጃ 4፦ ቀኑን ያረጋግጡ

መጀመሪያ የዘመን አቆጣጠሩን ይለዩ። 2013 የሚል ቀን ያለበት ጽሑፍ በእኛ አቆጣጠር ነው ወይስ በአውሮፓውያን? ሰባትና ስምንት ዓመት የሚያህል ልዩነት የመንግሥት ለውጥን ከመካከሉ ሊያስገባ ይችላል። ቀጥሎ ከዚያ ቃል በኋላ የተለወጠ ነገር እንዳለ ይፈልጉ። ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም. በወሊሶ አካባቢ ያለ ሲኖዶስ ዕውቅና የኤጲስ ቆጶሳት ሹመት ከተካሄደ በኋላ ሲኖዶሱ ጥር 18 ቀን የውግዘት ውሳኔ አስተላለፈ፤ የካቲት 8 ቀን ደግሞ ስምምነት ላይ ተደረሰ። የጥር 18ቱን ውሳኔ ዛሬ የሚጠቅስ ሰው የየካቲት 8ቱን ስምምነት ሳያነሣ ቢያልፍ አንዲት ሐሰተኛ ቃል ሳይናገር ሕዝቡን ያሳስታል፤ ስምምነቱን ብቻ አንሥቶ ከእርሱ በፊት የነበረውን የሚደብቅም እንዲሁ። ሁለቱን ቀኖች ይጻፉ፤ አፈጻጸሙን በሚመለከት ያለዎትን አስተያየት ከዚያ በኋላ በራስዎ ስም ያክሉ።

ያረፉ አባቶችን የሚጠቅስ ሰው ደግሞ ሌላ ፈተና አለበት። የፍቼው ተወላጅ ሰማዕቱ አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በፋሺስት ኢጣሊያ መገደላቸውና አርበኞችን ለማውገዝ እምቢ ማለታቸው የታወቀ ነው። የመጨረሻ ንግግራቸው ተብሎ የሚነገረው ግን በተለያየ አነጋገር ይገኛል፤ አብዛኞቻችን የምናውቀውም በመድረክና በግጥም ከተቀናበረው ነው። ከያንያኑ የሠሩት የጥበብ ሥራ ስለሆነ አይወቀሱም። ተከራካሪው ግን ከቴአትር የሰማውን ቃል በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አግብቶ «አቡነ ጴጥሮስ እንዲህ ብለዋል» ካለ በኋላ ለዛሬው የፓርቲ ጠብ ማስረጃ ቢያደርገው ጥፋቱ የእርሱ ነው። ያደረጉትን መጥቀስ ይቻላል፤ ድርጊታቸው ከማንኛውም ንግግር ይልቅ ግልጽ ነው።

ደረጃ 5፦ ደብዳቤ ከሆነ መዝገብ ቤት ይሂዱ

በቴሌግራም የሚዘዋወር የደብዳቤ ፎቶግራፍ ሲደርስዎ ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ ቲተሩን፣ ፊርማውንና ማኅተሙን ይመልከቱ፤ ግልባጭ ለማን እንደተባለም ያንብቡ። ማኅተሙ ከፊርማው ላይ ሳይወጣ ሥር ገብቶ የሚታይ፣ የጽሑፉ ፊደል በመካከል የሚለወጥ ወይም የአባቱ ማዕረግ ጽሕፈት ቤቱ ከሚጠቀምበት የተለየ ከሆነ ይጠርጥሩ። ደብዳቤው የእውነት መስሎ ቢታይም ግን መጨረሻው ማረጋገጫ የወጪ መዝገብ ነው። ደብረ ብርሃን ያለ ሰው ወደ ሀገረ ስብከቱ ወይም ወደ ዞኑ መጅሊስ ጽሕፈት ቤት በእግሩ ሄዶ «በዚህ ቁጥር በዚህ ቀን የወጣ ደብዳቤ አለ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል፤ መሐል ሜዳ ወይም ዓለም ከተማ ያለ ሰው በስልክ ይጠይቅ። ፎቶና ጥቅስ አብረው ለተሠሩባቸው ምስሎች ጎግል ሌንስ ፎቶው ከሌላ በዓል የተወሰደ መሆኑን ሊያሳይዎ ይችላል፤ ኢትዮጵያ ቼክና ሐቅቼክ አስቀድመው አጣርተውት እንደሆነም ይመልከቱ።

ደረጃ 6፦ ግሡን ይምረጡ

ማዛባቱ በብዛት የሚገባው በዚህች በር ነው። አሳሰቡ፣ ጠየቁ፣ መከሩ፣ ገሠጹ፣ ተቃወሙ፣ አወገዙ፣ አዘዙ እያንዳንዳቸው የተለየ ነገር ተፈጸመ ይላሉ። በተለይ አወገዙ የሚለው በዜና ቋንቋ አጥብቆ መቃወም ሲሆን በቤተ ክርስቲያን ግን ከአንድነት የመለየት ቀኖናዊ ፍርድ ነው፤ ፍርዱ ካልተሰጠ ጳጳስን በሚመለከት ይህን ግስ መጠቀም የለብዎትም።

የሚከተለው ለመልመጃ የተዘጋጀ እንጂ የማንም አባት ቃል አይደለም። አንድ ሊቀ ጳጳስ በንግሥ በዓል ላይ እንዲህ አሉ እንበል፦ «መንግሥት የገበሬውን ጩኸት ይስማ፤ ማዳበሪያው በወቅቱ ይድረስለት። እናንተም ልጆቼ፣ የማታውቁትን ሰው በጥርጣሬ ብቻ ጠላት አትበሉ፤ መጀመሪያ ሽማግሌ ላኩ።»

በማግሥቱ ሦስት ጥቅሶች ወጡ። አንደኛው «ሊቀ ጳጳሱ መንግሥትን አወገዙ» ይላል፤ ልመናን ወደ ፍርድ ለውጧል፣ ሁለተኛውንም ዓረፍተ ነገር ጥሏል። ሁለተኛው «ሕዝቡ ታጣቂዎችን በጠላትነት እንዳያይ አዘዙ» ይላል፤ ምክርን ትእዛዝ አድርጓል፣ «የማታውቁትን ሰው» የሚለውን ታጣቂ ብሎ ሞልቶታል፣ ከሁሉም በላይ «በጥርጣሬ ብቻ» የሚለውን ገደብ አውጥቶታል። ሦስተኛው «ሕዝቡ መንግሥትን እንዲታገሥ ተማጸኑ» ይላል፤ ይህኛው የሽማግሌውን ምክር ከማዳበሪያው ጉዳይ ጋር አጣብቆ ያልተባለ ሦስተኛ ነገር ፈጥሯል። ሦስቱም ጠቃሾች «ቪዲዮው አለ፣ ሄዳችሁ ስሙ» ብለው በድፍረት ይከራከራሉ።

ትክክለኛው እንዲህ ነው፦ «ብፁዕነታቸው በበዓሉ ላይ በሰጡት ትምህርት መንግሥት ማዳበሪያ በወቅቱ እንዲያደርስ ጠይቀዋል፤ ምእመናንም የማያውቁትን ሰው በጥርጣሬ ብቻ ጠላት ከማለታቸው በፊት ሽማግሌ እንዲልኩ መክረዋል።» ከዚህ በኋላ ነጥብ ያድርጉ። «እኔ ከዚህ የምረዳው መንግሥት ግዴታውን እንዳልተወጣ ነው» ማለት መብትዎ ነው፤ ይህ ግን የእርስዎ ዓረፍተ ነገር ስለሆነ በእርስዎ ስም ይጀምር። ብቻ፣ ከሆነ፣ እስከ፣ ካልሆነ በቀር የሚሉ ገዳቢ ቃላትን ከጥቅስ ውስጥ በምንም ምክንያት አያውጡ፤ ቦታ ከጠበበዎት ሌላውን ያሳጥሩ።

ማዕረግም ጥቅሱን ያዘነብላል። የሚወዱትን «ብፁዕ አቡነ»፣ የማይወዱትን በባዶ ስም መጥራት አድማጩን አስቀድሞ ያሰልፋል፤ የሚመለከተው ተቋም የሚጠቀምበትን ማዕረግ ለሁሉም እኩል ይጠቀሙ።

ደረጃ 7፦ ከተቻለ ተናጋሪውን ይጠይቁ

ጉዳዩ ከባድ ከሆነ ለሀገረ ስብከቱ ሥራ አስኪያጅ ወይም ለሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ጥያቄዎ አጭር ይሁን፣ ሊጠቅሱት ያሰቡትን ዓረፍተ ነገርም እንዳለ ያስፍሩ። «ብፁዕ አባታችን፣ በዚህ ቀን ያስተማሩትን እንዲህ ብዬ ልጽፈው ነው፤ ያሉት ይህን ነው?» የሚል ጥያቄ «ስለ ሰሞኑ ፖለቲካ ምን ይላሉ?» ከሚለው እጅግ የተሻለ መልስ ያስገኛል፤ ሁለተኛው አባትን ወደ ክርክሩ መጎተት ነው። በሰሙነ ሕማማትና በፍልሰታ ሱባኤ ብዙ አባቶች በቀላሉ ስለማይገኙ መልሱ ሊዘገይ ይችላል፤ ሸይኹንም በጁምዓ ቀትር ወይም በረመዳን ማፍጠሪያ ሰዓት አያስጨንቋቸው። መልስ ካልመጣ ዝምታቸውን እንደ መስማማት አይቁጠሩት።

ደረጃ 8፦ በመድረኩ ላይ

ሲጠቅሱ ማን፣ የት፣ መቼ፣ በምን ዓይነት ንግግር እንደሆነ በአንድ ትንፋሽ ይናገሩና ጥቅሱን ያንብቡ፤ በቃልዎ አይድገሙት። ሌላው ሲያዛባ ደግሞ «ውሸታም» ብሎ መነሣት አይጠቅምም፤ የተዛወረው ቃል በእርግጥ የተባለ ስለሆነ አዳራሹ ከእርሱ ጋር ይሆናል። «ጋሼ፣ ይህን ከራሳቸው አንደበት ሰምተውት ነው ወይስ ሰው ልኮልዎ? ከዚያ በፊትና በኋላ ያሉትንስ ሰምተዋል?» ብለው ይጠይቁ፤ ሙሉው ቅጂ ካለዎት የጎደለውን ዓረፍተ ነገር ብቻ ያንብቡለት። ቅጂው ከሌለዎት «እስኪጣራ ድረስ በዚህ ጥቅስ ላይ አልመልስም» ይበሉና ወደ ዋናው ጉዳይ ይመለሱ። የስብሰባ መሪ ከሆኑ ይህን ሕግ ክርክሩ ከመጀመሩ በፊት ለሁሉም ወገን ያሳውቁ፦ ቦታና ቀን የሌለው የሃይማኖት አባት ጥቅስ በመድረኩ ላይ አይቀርብም።

በሕግ በኩል የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሁከት ወይም ግጭት የማስነሣት ዕድሉ ከፍተኛ የሆነን ሐሰተኛ መረጃ ሐሰትነቱን እያወቀ ወይም ማወቅ ሲገባው ያሰራጨን ሰው እስከ 1 ዓመት እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር መቀጮ ሊያስቀጣው እንደሚችል ይደነግጋል። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ወይም በብሮድካስት ከሆነ እስራቱ እስከ 3 ዓመት፣ መቀጮው እስከ 100,000 ብር ይደርሳል። ላይክ ማድረግ እንደ ማሰራጨት አይቆጠርም፤ «እኔ አልሠራሁትም፣ ያገኘሁትን አጋራሁ እንጂ» የሚለው ግን አስተማማኝ መከላከያ አይደለም።

ደረጃ 9፦ ስሕተት ሲገኝ ማረምና መዝገብ መያዝ

የለጠፉት ጥቅስ ስሕተት ሆኖ ከተገኘ በዝምታ አያጥፉት፤ ያዩት ሰዎች ቅጂውን ይዘውታልና። በዚያው ገጽ ወይም በዚያው ቡድን፣ የመጀመሪያው በታየበት መጠን፣ «በዚህ ቀን እገሌ እንዲህ አሉ ያልነው ትክክል አይደለም፤ ያሉት ይህ ነው» ብለው ይጻፉ፤ ተቋሙንም በስልክ ያሳውቁ። በሬዲዮ የተላለፈ ከሆነ በዚያው ዝግጅት፣ በዚያው ሰዓት ይታረም።

ለሚጠቅሱት ንግግር ሁሉ ሙሉ ቅጂውን በፍላሽ ወይም በሌላ ማስቀመጫ ያኑሩ፤ የዩቲዩብ ማስፈንጠሪያ ሊጠፋ፣ ገጹም ሊዘጋ ይችላል። የፋይሉን ስም ቀኑን በእኛ አቆጣጠር አስቀድመው፣ ቀጥሎ ቦታውን፣ ከዚያ የተናጋሪውን ስምና ማዕረግ አድርገው ይሰይሙት፤ የጠቀሱት ዓረፍተ ነገር የሚገኝበትን ደቂቃና ቅጂውን ከማን እንዳገኙት በአንድ መስመር ማስታወሻ ይጨምሩበት። ቅጂውን የሰጠዎት ሰው ስሙ እንዳይወጣ ከፈለገ ማስታወሻውን ከቅጂው ለይተው ያስቀምጡት።